ሆርሞኑ ነው ወይስ የደም ሥሩ?

(የመክፈቻ ሙዚቃ፤ ለጥቂት ሰከንድ ከፍ ብሎ ይሰማና ከንግግሩ ሥር ቀስ እያለ ይጠፋል)

አቅራቢ፦ ዛሬ የምናወራው ወንዶች ለሐኪም ቀርቶ ለልብ ጓደኛ እንኳ ትንፍሽ ስለማይሉት ነገር ነው። ስለ ስንፈተ ወሲብ። ልጆች አጠገባችሁ ካሉ ወደ ጨዋታቸው ላኳቸው። ባልና ሚስት ግን አብራችሁ ብትሰሙን ደስ ይለኛል፤ ለምን እንደምል በኋላ ይገባችኋል።

ስንፈተ ወሲብ ስንል ምን ማለታችን ነው? ድካም ወይም ሐሳብ በበዛበት ምሽት አንድ ቀን አልሆንለት ያለውን ሰው አይደለም። ያ በማንም ላይ ይደርሳል። ብልት ለግንኙነት የሚበቃ ያህል አልቆም ሲል፣ ወይም ቆሞ ብዙም ሳይቆይ ሲተኛ፣ ይህም ለሦስት ወርና ከዚያ በላይ ሲደጋገም ነው።

ይህ የደረሰበት ወንድ ዛሬ ዛሬ መጀመሪያ የሚያነሣው አንድ ስም አለ፤ ቴስቶስቴሮን። «ሆርሞኔ አልቋል፤ መርፌውን ውጉኝ» ይላል። እውነት አልቆ ነው? ስንፈተ ወሲብ ያጋጠመው ሁሉ ቴስቶስቴሮን ያነሰው ነው? መልሱን ከወዲሁ ልንገራችሁ። አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ለምን አይደለም የሚለውን ነው ዛሬ የምናወራው።

እስኪ መጀመሪያ ይህችን አጭር ጭውውት እንስማ።

(ድምፅ፦ የመንገድ ጫጫታ፤ የመኪና ጥሩምባ፤ የመስታወት በር ሲከፈትና ሲዘጋ፤ ጫጫታው ይቀንሳል)

ፋርማሲስት፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፤ ምን ልታዘዝ?

ደንበኛ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ቆይ የኔ ልጅ፣ እሷ ትውጣ... ወጣች?

ፋርማሲስት፦ ወጥታለች፤ ይንገሩኝ።

ደንበኛ፦ ያ... የወንድ ሆርሞን የሚሉት መርፌ አላችሁ?

ፋርማሲስት፦ የሐኪም ማዘዣ ይዘዋል?

ደንበኛ፦ ማዘዣ የለኝም። ጓደኛዬ ነው የነገረኝ። ተወግቶ እንደ ጎረምሳ አደረገኝ ይላል።

ፋርማሲስት፦ ደምዎን ተመርምረዋል ጋሼ?

ደንበኛ፦ ምን ያስመረምረኛል? ችግሩን እኔው ራሴ አውቀው የለ!

ፋርማሲስት፦ ስኳርዎንስ? ግፊትዎንስ ተለክተው ያውቃሉ?

ደንበኛ፦ (ተቆጥቶ) ስኳር? እኔ ስለምን ጠየቅሁሽ፣ አንቺ ስለምን ታወሪኛለሽ?

(ድምፅ፦ በር በኃይል ይዘጋል)

አቅራቢ፦ ሰውየው ተቆጥተው ወጡ። ልጅቷ ግን የምታወራቸው ስለዚያው ስለጠየቋት ነገር ነበር። ስለ ስኳር መጠየቋ ከነገሩ መውጣት አልነበረም፤ እንዲያውም ወደ ነገሩ መግባት ነበር። እንዴት? አብረን እንየው።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

አቅራቢ፦ ቴስቶስቴሮን ምንድን ነው? ገጠር ያደጋችሁ አድማጮቻችን ሳይንሱን ሳትማሩት ታውቁታላችሁ። ገበሬ ወይፈኑን የሚያኮላሸው ለምንድን ነው? እንዲረጋ፣ ጠብ እንዲተው፣ ሥጋ እንዲይዝ ነው። ሙክቱም እንዲሁ። ቆለጡ ሥራውን ሲያቆም ጠባዩም ሰውነቱም ይለወጣል። ከቆለጡ የሚወጣ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

ያን ነገር በሙከራ ያሳየው አርኖልድ በርቶልድ የተባለ ጀርመናዊ ነው። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ። በ1849 ጎቲንገን ከተማ ውስጥ የአውራ ዶሮዎችን ቆለጥ አወጣ። ዶሮዎቹ ጩኸታቸውን ተዉ፣ ጠባቸውን ተዉ፣ ቀይ ኩክኒያቸው ተሟሸሸ። ከዚያ ከመካከላቸው ለአንዳንዶቹ ቆለጡን መልሶ ሆዳቸው ውስጥ አስቀመጠላቸው። ነርቩ ተቆርጧል፤ ቦታውም የቀድሞ ቦታው አይደለም። ይሁንና ዶሮዎቹ እንደገና ጮኹ፣ እንደገና ተጣሉ። እንግዲህ ቆለጡ መልእክቱን የሚልከው በነርቭ ሳይሆን በደም ነው አለ። ትክክል ነበር።

ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1889፣ ሻርል ብራውን ሴካር የሚባል ስመ ጥር ሐኪም ፓሪስ ውስጥ ከእንስሳት ቆለጥ የጨመቀውን ፈሳሽ በራሱ ላይ ወጋ። ዕድሜው 72 ነበር። ከዚያም በሳይንቲስቶች ጉባኤ ፊት ቆሞ ጉልበቴ ታደሰ ብሎ ተናገረ። ወሬው አውሮፓን አዳረሰ፤ ብዙ ሽማግሌ ተሰልፎ ተወጋ። ዛሬ እንደምናውቀው ግን ቴስቶስቴሮን በውኃ የሚሟሟ ነገር አይደለም፤ በዚያ ጭማቂ ውስጥ የሚረባ ሆርሞን አልነበረም ማለት ይቻላል። ጉልበቱን ያደሰለት እምነቱ ነው። የመርፌው ጥድፊያ የትናንት ነገር እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው ይህን ማንሣቴ።

ሆርሞኑ ራሱ ተለይቶ የወጣው በ1935 ነው፤ አምስተርዳም ውስጥ፣ ከኮርማ ቆለጥ። በዚያው ዓመት በቤተ ሙከራ መሥራትም ተቻለ። ይህን የሠሩት አዶልፍ ቡቴናንትና ሊዮፖልድ ሩዚችካ የ1939ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

አሁን ወደ እኛ ሰውነት እንመለስ። ቴስቶስቴሮንን በአብዛኛው የሚሠሩት ሁለቱ ቆለጦች ናቸው። የሚያዝዛቸው ደግሞ አንጎል ነው፤ ፒቱታሪ በምትባል አተር የምታክል ዕጢ አማካይነት። አንጎል «ሥሩ» ሲል ይሠራሉ፤ ደም ውስጥ በቂ መኖሩን ሲያይ ትእዛዙን ይቀንሳል። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ ስለ መርፌው ስንነጋገር ትፈለጋለች።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

አቅራቢ፦ ታዲያ ብልት የሚቆመው በቴስቶስቴሮን ነው? ብልት የሚቆመው በደም ነው። ደግሜ ልበለው፤ ብልት የሚቆመው በደም ነው።

ወንድ ስሜቱ ሲነሣሣ ከአንጎልና ከአከርካሪ የሚወርዱት ነርቮች ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃሉ። በብልት ውስጥ ያሉት የደም ሥሮች በዚህ ይላላሉ፣ ይሰፋሉ፤ ደም ይገባል። የገባው ደም ደግሞ መውጫውን ይጫነውና ተይዞ ይቆያል። ብልት ቆመ የምንለው ይህ ሲሆን ነው። ነርቩ ከተጎዳ መልእክቱ አይደርስም። የደም ሥሩ ከጠበበ ደሙ አይገባም። ሐሳብና ጭንቀት ከበዛ አድሬናሊን ይመጣና የላላውን መልሶ ያጠብቀዋል።

ቴስቶስቴሮን የት ገባ ታዲያ? ዋና ሥራው ፍላጎቱ ላይ ነው። እንዲህ አስቡት። ፍላጎት ጥም ነው፤ የደም ሥር ደግሞ የውኃ ቧንቧ ነው። ቴስቶስቴሮን ሲያንስ ጥሙ ይጠፋል፤ ሰውየው ወደ ቧንቧውም አይሄድም። ነገር ግን ጥሙ እያለ ቧንቧው በዝገት ከተደፈነስ? ጥም ቢጨምሩለት ውኃው ይመጣለታል? አይመጣም። ይባስ ብሎ በጥም ይቃጠላል።

በእርግጥ ሆርሞኑ የብልትን ሥጋ ጤንነት በመጠበቅም ድርሻ አለው፤ በጣም ሲያንስ ብልት መቆሙም ይዳከማል። በቂ ያለው ሰው ላይ ሲጨመር ግን የብልቱን መቆም አያሻሽልም።

ፋርማሲ የሄዱትን አባት አሁን እንጠይቃቸው። ጋሼ፣ የጠፋው ፍላጎቱ ነው ወይስ ፍላጎቱ እያለ ብልቱ ነው እምቢ ያለው? ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነቁ ብልት ቆሞ ማግኘቱስ ቀርቷል? እናንተም በልባችሁ መልሱት። ፍላጎቱም የጠፋ፣ የጠዋቱም የቀረ፣ ድካም የተጫነው፣ ጢሙ የሳሳ ከሆነ፣ አዎ፣ ሆርሞኑ ይጠረጠራል። ፍላጎቱ እንዳለ ሆኖ ቀስ በቀስ እየደከመ የመጣ ከሆነ የደም ሥሩና ነርቩ ይጠረጠራሉ። ጠዋት ደህና ሆኖ ማታ ከባለቤት ጋር ሲሆን ብቻ እምቢ የሚል ከሆነ ጭንቀት ወይም በቤት ውስጥ ያለ ቅሬታ ይጠረጠራል። ይጠረጠራል ነው ያልኩት፤ የሚያረጋግጠው ምርመራው ነው።

በሆርሞኑ ምክንያት የሚሆነው ምን ያህሉ ነው? በስምንት የአውሮፓ ከተሞች ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 79 የሆኑ ከ3,000 በላይ ወንዶች ተጠንተው ውጤቱ በ2010 ወጥቷል። እነዚያን ሦስት ምልክቶች፣ ማለትም የፍላጎት መቀነስን፣ የጠዋቱን መቅረትና የብልት አለመቆምን፣ ከእውነተኛ የሆርሞን ማነስ ጋር አጣምረው የተገኙት ከ100 ሁለት ያህሉ ብቻ ናቸው። ብልቴ አልቆም አለኝ የሚለው ወንድ ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

(ሙዚቃ፤ ለአምስት ሰከንድ)

አቅራቢ፦ አሁን ፋርማሲስቷ ወደጠየቀችው ደረስን። ስኳርና ግፊት።

የብልት የደም ሥር ቀጭን ነው፤ ስፋቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ልብን የሚመግበው የደም ሥር ሦስትና አራት ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ኮሌስትሮልና ሲጋራ የደም ሥርን ሲያጠቡ የሚያጠቡት በሁሉም ቦታ ነው። ታዲያ መጀመሪያ የሚደፈነው የቱ ነው? ቀጭኑ። ስለዚህ ዛሬ ብልቱ የደከመ ሰው ከሁለትና ከሦስት፣ ከአምስትም ዓመት በኋላ ደረቱን ሊይዘው ይችላል። የልብ ሐኪሞች አንድ የ45 ዓመት ሰው ስንፈተ ወሲብ አለብኝ ብሎ ሲመጣ ልቡንም የሚመረምሩት ለዚህ ነው።

እኔ ከዛሬው ዝግጅት አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ሂዱ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ስንፈተ ወሲብ የልብ ሕመም ቀድሞ የሚልከው ምልክት ሊሆን ይችላል። መርፌ ገዝቶ በድብቅ የሚወጋ ሰው ይህን ምልክት ሸፍኖ ያልፈዋል።

ስኳር ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው የሚጎዳው፤ የደም ሥሩንም ነርቩንም። ስኳር እንዳለበት ሳያውቅ የሚኖር ሰው በአገራችን ብዙ ነው፤ አንዳንዱ ወንድ ስኳሩ የሚታወቅለት በዚህ ችግር ሐኪም ቤት ሲሄድ ነው።

እዚህ ላይ ሆርሞኑና የደም ሥሩ ይገናኛሉ። ቦርጭ ሲበዛ ስቡ ራሱ ቴስቶስቴሮንን ወደ ኤስትሮጅን፣ ወደ ሴቷ ሆርሞን፣ ይለውጠዋል። ውፍረትና ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለባቸው ወንዶች ቴስቶስቴሮናቸው ዝቅ ከሚልባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። ታዲያ መድኃኒቱ መርፌ ነው ወይስ ቦርጩን መቀነስ? በ2004 የታተመ የኢጣሊያ ጥናት አለ። ወፍራም ሆነው ስንፈተ ወሲብ የነበረባቸው 110 ወንዶች ናቸው። ግማሾቹ ለሁለት ዓመት አመጋገባቸውን አስተካክለው፣ እንቅስቃሴ ጨምረው፣ ክብደት ቀነሱ። ከእነሱ ውስጥ ሲሶ የሚሆኑት ብልታቸው ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ያለ ኪኒን፣ ያለ መርፌ።

እንቅልፍስ? ቴስቶስቴሮን በብዛት የሚመረተው ተኝተን ሳለን ነው። ለአንድ ሳምንት በሌሊት አምስት ሰዓት ብቻ የተኙ ጤነኛ ወጣቶች የቀን ሆርሞናቸው ከአሥር እጅ አንድ እጅ ያህል ወርዶ ተገኝቷል። እንግዲህ ጫት ቅሞ፣ በምርቃና ሌሊቱን አንግቶ፣ ጨብሲ ብሎ ጠዋት ላይ ሁለት ሰዓት የሚተኛውን አስቡት! ጫት የደም ሥርን ያጠብባል፣ ግፊትን ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሣል። ወንድነት ይሰጣል እየተባለ ከሚቃም ነገር ይህን ያህል ጉዳት መገኘቱ ያሳዝናል።

የምትወስዱትንም መድኃኒት አትርሱ። አንዳንድ የደም ግፊት፣ የድብርትና የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ብልትን ሊያዳክሙ ይችላሉ። ትራማዶልና ሌሎች ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎችን ለረጅም ጊዜ መውሰድ ቴስቶስቴሮንን ይቀንሳል። ይህን ስትሰሙ ግን በገዛ ፈቃዳችሁ አታቋርጡ! የግፊት መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ግፊቱ ሊያሻቅብ ይችላል። ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ የሚለወጥ መድኃኒት ይኖራል።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

አቅራቢ፦ እሺ፣ ሆርሞኑ የተጠረጠረበት ሰው ምን ያድርግ? ይመርመር። መቼ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቴስቶስቴሮን ከፍ የሚለው ጠዋት ነው፤ ወደ ማታ እየወረደ ይሄዳል። ከሥራ ወጥቶ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደም የሰጠ ሰው ዝቅተኛ ውጤት ቢያገኝ አይደንቅም። ስለዚህ ከጠዋቱ አንድ እስከ አራት ሰዓት፣ ቁርስ ሳይበላ። ደግሞም አንድ ጊዜ አይበቃም። በሌላ ቀን ጠዋት ይደገማል። መቼ? ጠዋት። ስንት ጊዜ? ሁለት ጊዜ። ወባ ወይም ታይፎይድ ይዞት ትኩሳት ላይ ያለ ሰው ደግሞ እስኪያገግም ይቆይ፤ ሕመም ራሱ ሆርሞኑን ያወርደዋል።

የአሜሪካ የዩሮሎጂ ማኅበር ከ300 ናኖግራም በዴሲሊትር በታች ሁለት ጊዜ ሲገኝና ምልክቱም አብሮ ሲኖር ነው ማነስ የሚለው። ቁጥሩ ብቻውን በሽታ አይደለም፤ ምልክቱም ብቻውን አይደለም። ዕድሜ ሲገፋ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት መቀነሱ ደግሞ ያለ ነው።

ማነሱ ከተረጋገጠ ሐኪሙ ቀጥሎ የሚጠይቀው «ለምን አነሰ?» ብሎ ነው። ቆለጡ ተጎድቶ ነው? በጉርምስና ጆሮ ደግፍ ይዞት ቆለጡ ያበጠ፣ ልጅ ሆኖ ቆለጡ ሳይወርድ የቀረ፣ አደጋ የደረሰበት፣ ወይም ከአንድ ተጨማሪ ክሮሞዞም ጋር የተወለደ ይኖራል። ወይስ ከላይ ትእዛዙ ቀርቶ ነው? ፒቱታሪ ላይ የሚወጣ እጢ ትእዛዙን ያቋርጣል፤ የማይለቅ ራስ ምታትና የጎን እይታ መጥበብ ካለ ቶሎ መታየት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን ሰው በጭፍን ቴስቶስቴሮን መውጋት እጢውን እንዲያድግ መተው ነው።

(ሙዚቃ፤ ለሦስት ሰከንድ)

አቅራቢ፦ ስለ መርፌው እንነጋገር። በእውነት ላነሰው ሰው ይጠቅማል፤ ይህን አልክድም። በ2016 ውጤቱ የወጣ የአሜሪካ ጥናት ሆርሞናቸው ዝቅ ያለ፣ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 790 ወንዶችን ተከታትሎ ነበር። ቴስቶስቴሮን የተሰጣቸው ፍላጎታቸው ጨመረ። የብልታቸው መቆምስ? ተሻሻለ፤ ግን በጥቂቱ።

ከዚህ ይልቅ እኔን የገረመኝ በ2012 የታተመው የቦስተኑ ጥናት ነው። ስንፈተ ወሲብም የሆርሞን ማነስም አንድ ላይ ያለባቸው 140 ወንዶች መጀመሪያ ሲልዴናፊል ተሰጣቸው፤ በተለምዶ ቪያግራ የምንለው ማለት ነው። ብዙዎቹ ተሻላቸው። ከዚያ ለግማሾቹ ቴስቶስቴሮን ያለበት ቅባት፣ ለግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ባዶ ቅባት ተጨመረላቸው። በብልት መቆም በኩል ምን ልዩነት ተገኘ? ምንም። ሆርሞናቸው በእውነት ያነሰ ሰዎች ላይ እንኳ!

ጉዳቱስ? ቴስቶስቴሮን ቀይ የደም ሴልን ያበዛል፤ ደም ከልክ በላይ ሊወፍር ይችላል። ስለዚህ የሚወስድ ሰው ደሙም ፕሮስቴቱም በየጊዜው ይታያል። የልብ ሥጋት ባለባቸው ከ5,000 በላይ ወንዶች ላይ ተደርጎ በ2023 የወጣው ጥናት ድንገተኛ የልብ ሕመምንና ስትሮክን እንዳላበዛ አሳይቷል፤ ይህ ደስ የሚል ዜና ነው። የልብ ምት መዛባትና ሳንባ ውስጥ የሚገባ የደም ጓል ግን በረከት ብለው ተገኝተዋል።

አሁን ደግሞ ያዙልኝ ያልኳችሁ ነጥብ። አንጎል ደም ውስጥ በቂ ሆርሞን ሲያይ ምን ያደርጋል ብዬ ነበር? ትእዛዙን ይቀንሳል። ከውጭ በመርፌ ሲገባም ያው ነው፤ ከየት እንደመጣ አይለይም። ትእዛዙ ሲቆም ቆለጡ ሆርሞኑን ብቻ ሳይሆን የወንድ ዘር ማምረቱንም ያቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት በየሳምንቱ የሚወጋ ቴስቶስቴሮንን ለወንድ እንደ ወሊድ መቆጣጠሪያ ሞክሮት በ1990 ውጤቱን አውጥቷል፤ የአብዛኞቹ የዘር ቆጠራ ወደ ዜሮ ወርዶ ነበር።

ገባችሁ? ልጅ ለመውለድ የሚጥር ወንድ «ይበልጥ ወንድ ልሁን» ብሎ ይወጋል፤ የሚያገኘው መካንነት ነው። ሲያቆም በአብዛኛው ይመለሳል፤ ግን ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። ልጅ የምትፈልጉ ይህን ለሐኪማችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ለእናንተ የሚሆን ሌላ ሕክምና አለ።

(ድምፅ፦ የስልክ ጥሪ)

አቅራቢ፦ ወደላካችሁልን ጥያቄዎች እንለፍ።

አንባቢ፦ «ሰውነት ግንባታ እሠራለሁ፤ ዕድሜዬ 24 ነው። ጂም ውስጥ መርፌ የሚሸጥ ልጅ አለ። ለጊዜው ብወስድ ችግር አለው?»

አቅራቢ፦ ወንድሜ፣ ከላይ የተናገርኩት ሁሉ ላንተ ነው። ጡንቻህ ሲያብጥ ቆለጥህ ይሟሽሻል። መርፌውን ስታቆም ቆለጥህ ገና አልነቃም፤ ያኔ ፍላጎትም ብልትም ይደክማል፣ ድብርት ይመጣል። በ24 ዓመትህ የሌለብህን ችግር በገንዘብህ አትግዛ።

አንባቢ፦ «ስኳር አለብኝ። ቪያግራ ልብ ያቆማል ይባላል፤ እውነት ነው?»

አቅራቢ፦ ሲልዴናፊል መጀመሪያ የተሠራው ለደረት ሕመም ነበር። ተመራማሪዎቹ የማይጠበቀውን ጥቅም አዩና በ1998 ለስንፈተ ወሲብ ተፈቀደ። የተረፈውን ናይትሪክ ኦክሳይድ ሥራውን እንዲጨርስ ያግዘዋል፤ ፍላጎት ግን አይፈጥርም። ስሜቱ ሳይነሣሣ ዋጥ አድርጎ የሚጠብቅ ምንም አያገኝም። ክትፎ በልቶ ወዲያው የሚውጠውም ቅባቱ ያዘገይበታል።

ልብ ያቆማል ወይ? በሐኪም ታዝዞ ለሚወስድ አብዛኛው ሰው አያቆምም። አንድ ነገር ግን ከባድ ነው። ለደረት ሕመም ናይትሮግሊሰሪን ወይም አይሶሶርባይድ የሚወስድ ሰው በፍጹም፣ በፍጹም አይውሰደው! ሁለቱ ሲገናኙ ግፊት በደቂቃዎች ውስጥ ይወድቃል። ለሌላው ደግሞ፣ ብልት ቆሞ ከአራት ሰዓት በላይ አልተኛ ካለ ሐፍረቱን ትቶ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ፤ ሲዘገይ ሥጋው ለዘለቄታው ይጎዳል።

አንባቢ፦ «የተፈጥሮ ማር ነው፣ ኬሚካል የለውም የሚሉት ከዓረብ አገር የሚመጣ እሽግ አለ። እሱስ?»

አቅራቢ፦ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እንዲህ ያሉ ለወንድ ተብለው የሚሸጡ ማሮችን መርምሮ ሲልዴናፊልና ታዳላፊል ተደብቆባቸው አግኝቷል፤ በ2022 ለሻጮቹ ማስጠንቀቂያ ጽፏል። መጠኑ አይታወቅም፤ የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ማር ቀመስኩ ብሎ ሊወድቅ ይችላል። ስለ ጸበልና ጸሎት የጠየቃችሁም አላችሁ። እሱን አልነካም። ጸበል እየተጠመቁ ስኳር መለካት ይቻላል፤ የስኳር መድኃኒታችሁን ግን አትጣሉ።

አንባቢ፦ የመጨረሻው ከአንዲት እኅታችን ነው። «ባለቤቴ ከእኔ ጋር መተኛት ከተወ ስምንት ወር ሆነው። ማታ አምሽቶ ይገባል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ሌላ ሴት ይዟል ብዬ ለሽማግሌ ልነግር ነው።»

አቅራቢ፦ እኅቴ፣ ሌላ ሴት የለችም ብዬ ልምልልሽ አልችልም። ግን ብልቱ ያልታዘዘለት ወንድም ልክ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ያመሻል፤ ሁለታችሁ ብቻችሁን የምትሆኑበትን ሰዓት ይሸሻል። ሰበብ ፈልጎ ይጣላል። ባልና ሚስት አብራችሁ ስሙን ያልኩት ለዚህ ነበር። ሽማግሌ ፊት ከመቆማችሁ በፊት አንድ ቀን፣ ልጆች በሌሉበት፣ ሳትወቅሺው ጠይቂው። ሽንት ማታ ማታ ይበዛበታል? ውኃ ይጠማዋል? ከሳ? መድኃኒት ጀምሯል? አዎ ካለሽ አብራችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የስኳርና የግፊት ምርመራ እዚያው አለ፤ ካስፈለገ ወደ ሆስፒታል ይጽፉላችኋል። ብቻውን የሚሄድ ወንድ መንገድ ላይ ሐሳቡን ይለውጣል፤ ሚስቱ አብራው ስትሆን ግን ወረፋውን ይጠብቃል።

(የመዝጊያ ሙዚቃ ከሥር ይጀምራል)

አቅራቢ፦ በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ ፕሮስቴት ዕጢና ሌሊት ሌሊት ስለሚያስነሣ ሽንት እናወራለን። ጥያቄያችሁን ላኩልን፤ ስማችሁን አናነብም።

(ሙዚቃው ከፍ ይላል፤ ያበቃል)